ፊቴ ወዙ ጠፋ፣ ደረቅ ነው፣ ከዓይኔ ስር መስመር ጀመረኝ፤ በአቅም የሚገዛ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠይሟ፦

ሰላም እህቶች፣ ወንድሞችም ካላችሁ ሰላም። ረጅም ስለሆነ ይቅርታ ግን በደንብ ካልነገርኳችሁ በደንብ አትመክሩኝም ብዬ ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ ጠይም ነኝ፣ አዲስ አበባ አያት አካባቢ ነው የምኖረው። ድሮ ፊቴ ወዛም ነበር እንደውም ሃይስኩል እያለሁ ወዙ በዛ ብዬ ነበር የማማርረው፣ አሁን ግን በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ነፋሱ ሲጀምር ከታጠብኩ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይወጥረኛል፣ አፍንጫዬ ግራና ቀኝና አገጬ ላይ ነጭ ነጭ እያለ ይላላጣል፣ ፋውንዴሽን ስቀባ ደሞ እዛው ላይ ተሰብስቦ ይቀራል። ከዛ በላይ ያሳሰበኝ ግን ከዓይኔ ስርና ስስቅ ዓይኔ ጥግ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፣ በቀደም የእህቴ ሰርግ ፎቶ ላይ ሳያቸው በጣም ከፋኝ። መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ‹‹አሞሽ ነው እንዴ?›› ይለኛል፣ ደህና ነኝ እኮ።

አሁን የማደርገው ይሄ ነው፣ ጠዋትና ማታ በገላ ሳሙና እታጠባለሁ ከዛ አንዳንዴ ግሊሰሪን አንዳንዴ ቫዝሊን። በሳምንት ሁለቴ በስኳርና በሎሚ እፈትገዋለሁ፣ ቲክቶክ ላይ ያበራል ሲሉ ሰምቼ። ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን ማለቴ ነው፣ ተቀብቼ አላውቅም፣ ለፈረንጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አምና ደሞ አንድ ሱቅ ውስጥ ‹‹ልዩ ቅልቅል ነው፣ በሳምንት ፊትሽን ያጠራዋል›› ተብዬ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ዕቃ ውስጥ ያለ ክሬም ገዛሁ። እውነትም በሳምንቱ ጠራ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ማቃጠልና ማሳከክ ጀመረኝ፣ ስተወው ደሞ ፊቴን ሙሉ ብጉር ወረሰው። ብጉሩ ጠፍቷል ግን ቆዳዬ ከዛ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም።

አቅሜን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ለመግዣ እስከ 4,000 ብር፣ ከዛ በኋላ በወር ከ1,000 ባይበልጥ ደስ ይለኛል። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አስር ዓይነት ግዢ እንዳትሉኝ። ሁለት ሦስት ዕቃ ብቻ ብገዛ ምኑን ላስቀድም? ሬቲኖል የሚሉት፣ ለመስመር የሚቀባው የቫይታሚን ኤ ዓይነት፣ እሱስ ለኛ ቆዳ ይሆናል?

መድኃኒት ቤት ነኝ፦

እህቴ አይዞሽ፣ አብዛኛው የሚስተካከል ነው። መድኃኒት ቤት ስሠራ 9 ዓመት ሆነኝ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ይህንኑ ይዞ የማይመጣ ሰው የለም። ከመግዛትሽ በፊት ግን የምትተዪው ነገር አለ፣ እሱ ደሞ ምንም ብር አይፈልግም።

ሎሚና ስኳሩን ከዛሬ ጀምሮ ተይው። ሎሚ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ፣ ባያቃጥል እንኳ በኛ ቆዳ ላይ ወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። ስኳሩ ደሞ የላላጠውን ብቻ መርጦ አያነሳልሽም፣ ደህናውንም ይቧጭረዋል። የገላ ሳሙናውንም ከፊትሽ አርቂው። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤች የሚባለው 5 አካባቢ ነው፣ የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ስለሚደርስ ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚይዝልሽን ቅባትም ጠርጎ ይወስደዋል። ብዙ ሰው ያንን መወጠር ንጽሕና ይመስለዋል፣ ቆዳው ተራቁቶ ነው እንጂ። ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ብቻ ታጠቢ፣ ማታ ሽቶ የሌለው ለስለስ ያለ የፊት መታጠቢያ፣ በጣም የሞቀ ሻወር ስር ደሞ ፊትሽን አታቁሚው።

ስለ ቅልቅሉ ክሬም፣ ዕቃውን ስላላየሁት ማረጋገጥ አልችልም፣ ግን የነገርሽኝ አካሄድ፣ ማለት ቶሎ መጥራት ከዛ ማቃጠል ከዛ ሲተዉት ብጉር፣ ጠንካራ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ክሬም የሚያመጣው ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን የሚባሉት ለኤክዜማና ለመሳሰሉት በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ቀን የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ደም ስር ያወጣሉ፣ እርጥበት የመያዝ አቅሙንም ያዳክሙታል። ይሄን የምታነቡ ሌሎችም አሁን እየተጠቀማችሁ ከሆነ በድንገት ወርውራችሁ ዝም አትበሉ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ አለርት ሆስፒታል ለቆዳ የቆየ ክፍል አለው። አንቺም ቆዳሽ ስስ ሆኖ ደም ስር ከታየሽ ወይ ቶሎ የሚቀላ ከሆነ ምንም ሴረም ሳትገዢ መጀመሪያ ታዪ።

መስመሮቹ ደሞ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከድርቀት የሚመጣ ነው፣ ቆዳው ውሃ ሲያጣ ላዩ ይሸበሸባል፣ ከዓይን ስር በብዛት እሱ ነው። ሌላው ቆዳውን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሲቀንስ የሚመጣ እውነተኛው መስመር ነው። ሦስት አራት ሳምንት በደንብ አርጥቢውና እይው፣ የጠፋው የድርቀቱ ነበር ማለት ነው፣ ለቀረው ነው ሌላ ነገር የሚታሰበው። ሰው ግን ገና ፊቱ እየተላላጠ ሬቲኖል ይገዛል፣ ከዛ አቃጠለኝ ብሎ ይመለሳል።

ግሊሰሪንሽ ጥሩ ነው፣ አቀባቡ ላይ ነው ችግሩ። ግሊሰሪን ውሃ ስቦ የሚይዝ ነገር ነው፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ንጹሑን በደረቅ ፊት ላይ ከቀባሽው የሚስበው ውሃ ከራስሽ ቆዳ ውስጥ ይሆናል፣ ከዛ ይጣበቅና ይወጥርሻል። ስለዚህ ታጥበሽ በፎጣ ነካ ነካ ብቻ አድርጊው፣ ፊትሽ ገና እርጥብ እያለ ሦስት አራት ጠብታ ግሊሰሪን መዳፍሽ ላይ በውሃ ወይ በሮዝ ወተር አቅጥነሽ ተቀቢ፣ ማታ ማታ ከላዩ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቫዝሊን በሁለት መዳፍሽ አሙቀሽ ጫን ጫን አድርጊበት። ቫዝሊን ራሱ ውሃ የለውም፣ ያለውን እንዳይተን ነው የሚከድነው፣ ለዚህ ሥራ ደሞ ውድ ከሚባሉት የሚያንስ አይደለም። ብጉር ቶሎ የሚያወጣ ቆዳ ካለሽ የላላጠው ቦታና ከዓይን ስር ብቻ ይበቃል። ይሄ ሁሉ ቤትሽ ባለው ነው።

እንግዲህ ብርሽን የምታወጪበት ሰንስክሪን ላይ ነው። ለፈረንጅ ብቻ አይደለም። ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ አለው፣ በኤስፒኤፍ፣ ማለት በፀሐይ መከላከያ መለኪያ፣ 13 አካባቢ ይገመታል፣ ጠይምና ቀይ ዳማ ከዛ ያንሳል። አዲስ አበባ ደሞ ከባህር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ በዛ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ግን ፀሐዩ አይታወቀንም። አውስትራሊያ ውስጥ 903 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትለው በ2013 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጡት ጥናት አለ፣ በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት እንደፈለጉ ከሚቀቡት ጋር ሲነጻጸሩ የቆዳቸው እርጅና 24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጮች ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ለኛ አልወስደውም፣ እኛ ላይ ፀሐይ ከመጨማደድ በፊት የሚያሳየው መጥቆርና ማዲያት ነው። ፊት ፈዘዘ ከሚባለውም ብዙው ይሄ የተዘበራረቀ ቀለም ነው። ኤስፒኤፍ 30 ከአልትራቫዮሌት ቢ 97 በመቶውን ያህል ይከላከላል፣ 50 ደሞ 98 ያህል፣ ስለዚህ 100 ለሚል ጽሑፍ ተጨማሪ ብር አትክፈዪ። ልዩነት የሚያመጣው የምትቀቢው መጠን ነው፣ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣትሽ ርዝመት ልክ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

መድኃኒት ቤት ነኝ ያለችው በጣም ጥሩ ተናግራለች፣ እኔ የሬቲኖሉን ከደረሰብኝ ልንገርሽ። እዚህ ሜሪላንድ ክረምቱ ሲገባ ቤት ውስጥ ሂተር ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ አየሩ ይደርቃል፣ 36 ዓመቴ ላይ እንዳንቺ ፎቶ አይቼ ደነገጥኩና ያገኘሁትን ከፍተኛውን፣ 1 በመቶ የሚለውን ሬቲኖል ገዝቼ በየማታው ተቀባሁ። በአስረኛው ቀን አፌ ዙሪያ ተልጦ ቆሰለ፣ ቁስሉ ሲድን ጥቁር ሆኖ ቀረ፣ ለመልቀቅ ሰባት ወር ፈጀብኝ። የኛ ቆዳ ከተቆጣ ይጠቁራል፣ ዋናው ፍርሃት እሱ መሆን አለበት። ለኛ ይሆናል ወይ ላልሽው ይሆናል፣ እኔ አሁን 0.2 በመቶውን ነው የምጠቀመው፣ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ማታ፣ ለፊት በሙሉ የአተር ፍሬ የምታክል፣ መጀመሪያ ክሬም ከዛ ሬቲኖሉን ከዛ እንደገና ክሬም። በሦስተኛው ወር ገደማ ነው ለውጥ ያየሁት፣ ግንባሬ ላይ ያሉት ለዘብ አሉ፣ ዓይኔ ጥግ ያሉት ግን አሁንም ስስቅ አሉ፣ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

ደሞ ከዚህ ለሚመጣ ሰው የምትልኪ ከሆነ ትልቁን የሴራቬ ክሬም ባለ ማሰሮውን አስመጪ፣ ሴራማይድ የሚባለው ቆዳ ውስጥ ያለው ዓይነት ቅባት አለው፣ ሽቶ የለውም፣ ለፊትም ለገላም ይሆናል፣ አንዱ ለብዙ ወር ይበቃሻል። ቫይታሚን ሲ ሴረም ግን አታስመጪ፣ ብርሃንና ሙቀት ቶሎ ያበላሸዋል፣ ሻንጣ ውስጥ ከርሞ መደርደሪያ ላይ ከርሞ ቡናማ ከሆነ ሥራው አልቋል።

የልጆች እናት፦

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። እኔ 58 ዓመቴ ነው። በኛ ጊዜ ይሄ ሁሉ አልነበረም፣ ተልባ አፍልተን ውሃውን ስንቀባ ነበር፣ እሬትም እንቀባ ነበር፣ ቅቤ ጸጉራችን ላይ ስንቀባ ወደ ፊታችን የሚወርደው ይበቃን ነበር። ወይባ የገባች ሴት ቆዳዋ ምን እንደሚመስል አይታችኋል፣ ስትወጣ ሌላ ሰው ናት። ጃንጥላም ሳንይዝ ከቤት አንወጣም ነበር፣ እናቴ ለገበያ ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ነበር የምታወርደው፣ አሁን ሳስበው ያም መከላከያ ነበር።

ግን የመጣሁት ሌላ ልናገር ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ቆዳዬ እንዲህ ደረቀብኝ፣ ተረከዜ ተሰነጠቀ፣ ፊቴ አበጥ አበጥ ይላል፣ ጸጉሬ ይረግፋል፣ ሰው ሁሉ በሞቀው ቀን እኔን ብርድ ብርድ ይለኛል። ዕድሜ ነው ብዬ ቅባት ስቀያይር አንድ ዓመት አለፈ። በኋላ ልጄ አስገድዳ ወሰደችኝና ደም ሲመረመር ታይሮይድ ሆኖ ተገኘ፣ ሆርሞኑ አንሶ። መድኃኒቱን ጀምሬ በወራት ውስጥ ቆዳዬ ተመለሰ። አንቺም ልጄ፣ ሰው አሞሻል ወይ የሚልሽ ከሆነ ድካም ካለሽ፣ የወር አበባሽ ከበዛ ወይም ከተዛባ፣ ደምሽን ተመርመሪ። የደም ማነስም ፊትን ያገረጣል። ክሬም ይሄን አይነካውም።

መድኃኒት ቤት ነኝ፦

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን እኔ ነበርኩ መጻፍ የነበረብኝ። ጠይሟ፣ የደም ቆጠራና ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ ምርመራ አሠሪ፣ በተለይ እትዬ ያሉት ምልክት ካለሽ። ስለ ተልባው አልከራከርዎትም፣ ያ ዝልግልግ ውሃው እርጥበት ይይዛል፣ በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ መደፋት አለበት እንጂ ክፉ ነገር የለውም። እሬቱ ግን ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ያሳክካል፣ እሱ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቀው ነጩን ሥጋ ብቻ። ቅቤ ፊት ላይ አንዳንድ ሰው ላይ ብጉር ያመጣል፣ ደረቅ እግርና ክንድ ላይ ግን ምንም አይደለም። ወይባው ለገላ ደስ ይላል፣ ማዲያት ያለባት ሴት ግን ፊቷን ከጭሱም ከሙቀቱም ታርቀው፣ ሙቀት ማዲያትን ያባብሳል፣ ምጣድ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚቆሙም እንደዚሁ።

ቅየሳ፦

ወንድ ነኝ፣ ሥራዬ ሜዳ ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ውስጥ። ሰንስክሪን ስል ጓደኞቼ የሴት ነው ይሉኝ ነበር፣ እኔ ግን 40 ሳይሞላኝ የአንገቴ ቆዳ ጠቁሮ ሲሸበሸብ፣ ሸሚዙ የሸፈነው ደረቴ ግን እንደ ልጅ ቆዳ መሆኑን ሳይ ገባኝ። ያው አንድ ሰው ነኝ፣ ያው ዕድሜ ነው፣ ልዩነቱ ፀሐይ ብቻ ነው። እናንተም የክንዳችሁን ውስጡንና ውጪውን አወዳድሩት።

ለጠይሟ የምጨምረው፣ ዚንክ ኦክሳይድ ወይ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚል ብቻ ያለበት ከሆነ ፊትሽን ሊያነጣውና አመድ ሊያስመስለው ይችላል፣ እኔ የመጀመሪያውን በዚህ ምክንያት ነው የተውኩት። የኬሚካል የሚባለው ወይ ቀለም የተቀላቀለበት ይሻላል፣ ከመግዛትሽ በፊት እጅሽ ሳይሆን መንጋጭላሽ ላይ ሞክሪውና ውጪ ወጥተሽ በመስታወት እዪ። ውጪ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ነው፣ ቢሮ ከሆንሽ ግን ጠዋትና ለምሳ ስትወጪ ይበቃል ብዬ አስባለሁ። ባርኔጣና ጃንጥላ ደሞ አንዴ ተገዝተው አያልቁም።

ዱባይ ያለሁት፦

እህቶቼ እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ኤሲ ሌት ተቀን ነው፣ በዛ ላይ በረኪናና የወለል ማጽጃ፣ እጄና ፊቴ እንደ ወረቀት ሆኖ ነበር። እኔን ያዳነኝ ውድ ነገር አይደለም፣ ሥራ ላይ ጓንት፣ ለእጄና ለእግሬ 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም፣ ለፊቴ ሽቶ የሌለው የሕፃን ሎሽን። ዩሪያው የተሰነጠቀ ቦታ ላይ ስለሚለበልብ መጀመሪያ በቫዝሊን ይዳን። እና አደራ የምለው፣ ስም ያለው ዕቃ በጣም ረክሶ ስታዩ ተጠንቀቁ፣ ፌኩ ብዙ ነው። የምርት ቁጥሩ ካርቶኑም ጠርሙሱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ፣ የሚያበቃበት ቀን ላይ በላዩ ሌላ ወረቀት ከተለጠፈበት ተዉት። ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ውስጥ 6 ወይ 12 ከተጻፈ ከከፈታችሁ በኋላ ለዛን ያህል ወር ነው ማለት ነው።

ጠይሟ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እትዬ ያሉትን ደም ምርመራ ሰኞ እሄዳለሁ፣ ድካሙ አለኝ አልጻፍኩትም እንጂ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፣ እኔና ባለቤቴ በዚህ ዓመት ልጅ እየሞከርን ነው፣ ሬቲኖሉ ችግር አለው?

መድኃኒት ቤት ነኝ፦

እንኳን ጠየቅሽ! እየሞከራችሁ ከሆነ ሬቲኖልም ሆነ ጠንከር ያለው ዘመዱ ትሬቲኖይን አሁን አትጀምሪ፣ በእርግዝና ጊዜ አይመከሩም፣ መጸነስሽን እስክታውቂ ደሞ ሳምንታት ያልፋሉ። ከዛ ይልቅ ኒያሲናማይድ የሚባለውን የሚቀባ የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት፣ 5 በመቶውን ተጠቀሚ፣ ለድርቀቱም ለቀለሙም ለቀጫጭን መስመርም ይረዳል፣ ርካሽ ነው፣ በእርግዝናም ችግር የለውም። ቁጥሩ ከፍ ያለ ማለት የተሻለ ማለት አይደለም፣ 10 በመቶው አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳውን እያስቆጣ ያቀላዋል። ካረገዝሽ በኋላ ማዲያት ከመጣብሽ አዜላይክ አሲድ የሚባል አለ፣ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ። ሰንስክሪኑን ከአሁኑ ማስለመድሽ ደሞ ለዛ ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ማዲያት በእርግዝና በብዛት የሚመጣው ከሆርሞንና ከፀሐይ ነው። ኒያሲናማይዱንም ቢሆን መላላጡ ከቆመ በኋላ ጀምሪ፣ ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ሳምንት አትጀምሪ፣ አንዱ ቢቆጣሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም።

ጠይሟ፦

አምስት ሳምንት ሆነኝ፣ ለሚያነብ ሰው ይጠቅማል ብዬ ተመለስኩ። የደም ምርመራው ታይሮይዱ ደህና ነው፣ ደሜ ግን አነስ ብሏል፣ አይረን ታዘዘልኝ። ሐኪሙ ቆዳዬንም አይቶ ስስ አልሆነም አለኝ፣ ተመስገን። የገዛሁት ሦስት ነገር ነው፣ የፊት መታጠቢያ፣ ሰንስክሪን፣ ሽቶ የሌለው ክሬም፣ በጠቅላላው 3,850 ብር። ግሊሰሪኑና ቫዝሊኑ ቤት የነበረው ነው። አገጬ ላይ ያለው መላላጥ በአስር ቀን ቆመ። ከዓይኔ ስር ያሉት መስመሮች አብዛኛዎቹ የሉም፣ ድርቀት ነበሩ ማለት ነው፣ ዓይኔ ጥግ ያሉት ሁለቱ ግን አሉ። ወዜ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ግን ትናንት እናቴ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝና ‹‹ምን ተቀብተሽ ነው?›› አለችኝ። ሰንስክሪኑን ለሷም አካፈልኳት፣ ጉንጯ ላይ ማዲያት አላት። ኒያሲናማይዱን ከደመወዝ በኋላ እገዛለሁ።